«10 ሜጋ» አስገብተን ለምን 1.2 ብቻ ያወርዳል? የኢንተርኔት ፍጥነት መለኪያዎችን ደረጃ በደረጃ የመቀየር መመሪያ

ጅማ ውስጥ አዲስ መስመር ያስገባ ቤት፣ ካፌ ወይም ፎቶ ቤት ሁሉ ብዙ ሳይቆይ የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ውሉ 10 ሜጋ ይላል። ፊልም ሳወርድ ግን ኮምፒውተሩ 1.2 ሜጋ ብቻ ያሳየኛል። ሌላው የት ገባ?» የትም አልገባም። ውሉ የሚቆጥረው በቢት ነው፣ ኮምፒውተሩ የሚቆጥረው በባይት ነው፤ አንድ ባይት ደግሞ 8 ቢት ነው። ሁለቱንም «ሜጋ» ብለን ስለምንጠራቸው አንድ ይመስሉናል እንጂ በመካከላቸው የ8 እጥፍ ልዩነት አለ።

ከዚህ በታች ያለው አሠራር ለቤት መስመር፣ ለሞባይል ፓኬጅ፣ ለካሜራ መቅጃ፣ ለቢሮ መስመርም ያገለግላል። ሒሳቡ ማባዛትና ማካፈል ብቻ ነው። ሰው የሚሳሳተው ስሌቱ ላይ ሳይሆን መለኪያውን አጣርቶ ባለመጻፉ ነው፤ ስለዚህ ደረጃ 1ን ቀላል ነው ብላችሁ አትዝለሉት።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የመስመሩ ውል ወይም ደረሰኝ። የምትነሱበት ቁጥር የሚገኘው እዚያ ላይ ነው፤ በቃል የተነገራችሁ ቁጥር መለኪያው ተቆርጦ ነው የሚደርሳችሁ።
- ካልኩሌተር። የስልክ ካልኩሌተር ይበቃል፤ ስልኩን ወደ ጎን ስታዞሩት ብዙ አኃዝ የሚያሳይ ከሆነ ይመረጣል።
- ወረቀትና እስክርቢቶ።
- መጠኑን የምታውቁት አንድ ትልቅ ፋይል፣ ቢያንስ 500 ሜጋባይት። ትንሽ ፋይል ፍጥነቱ ሳይረጋጋ ያልቃል።
- ካት 5ኢ ወይም ከዚያ የተሻለ የኔትወርክ ኬብል። በዋይፋይ ከለካችሁ ያገኛችሁት ቁጥር የዋይፋዩ ነው፣ የመስመሩ ላይሆን ይችላል።
- ሰዓት መቁጠሪያ፤ የስልኩ ይበቃል።

ማስጠንቀቂያ፤ በሞባይል ፓኬጅ ላይ ፍጥነት አትለኩ። የፍጥነት መለኪያ መተግበሪያ ለጥቂት ሰከንድ መስመሩን ሙሉ በሙሉ ነው የሚጠቀመው። 40 ሜጋቢት በሰከንድ በሚሰጥ 4ጂ ላይ 15 ሰከንድ የሚፈጅ የማውረድ ሙከራ 40 × 15 ÷ 8 = 75 ሜጋባይት ይበላል፤ የመጫን (ወደ ኢንተርኔት የመላክ) ሙከራው ገና አልተቆጠረም። 500 ሜጋባይት የገዛ ሰው «እስቲ ደግሞ» እያለ 5 ጊዜ ከለካ 375 ሜጋባይቱ ለመለኪያ ብቻ አልቋል ማለት ነው።

ደረጃ 1፤ ቁጥሩን ከነሙሉ መለኪያው ጻፉ

የፍጥነት መለኪያ ሁሉ ሦስት ክፍል አለው፤ መጠኑ (ኪሎ፣ ሜጋ፣ ጊጋ)፣ የሚቆጠረው ነገር (ቢት ወይስ ባይት) እና ጊዜው (በሰከንድ፣ በደቂቃ፣ በሰዓት)። ሦስቱንም በፊደል ጻፉ፤ «10 ሜጋ» ሳይሆን «10 ሜጋቢት በሰከንድ»። ሦስቱ ካልተሟሉ ወደ ደረጃ 2 አትሂዱ፤ የጎደለውን በግምት መሙላት ነው መልሱን የሚያበላሸው።

ቢትና ባይትን ከማያ ገጽ ላይ የምትለዩት በእንግሊዝኛው ፊደል ነው። ስሞል ቢ፣ ማለትም ቋሚ ዘንግና ከታች አንድ ሆድ ያላት ፊደል፣ ቢት ናት። ካፒታል ቢ፣ ሁለት ሆድ ያላት፣ ባይት ናት። በአማርኛ ሁለቱንም «ኤምቢ» ብለን ስለምንጽፋቸው ከአማርኛ ማስታወቂያና መልእክት ላይ ልዩነቱን ማየት አይቻልም። በዚህ ጊዜ ቁጥሩ ምን እንደሚለካ ተመልከቱ፤

- የመስመር ፍጥነት፣ የፍጥነት መለኪያ መተግበሪያ፣ የራውተርና የኔትወርክ ካርድ ቁጥር፦ ቢት።
- የፋይል መጠን፣ የፓኬጅ መጠን፣ የማውረጃ ፕሮግራምና የፋይል መገልበጫ መስኮት፦ ባይት።

ሁሉም በካፒታል ወይም ሁሉም በስሞል ከተጻፈ (በኛ አገር ባነሮች ላይ የተለመደ ነው) ፊደሉን እርሱትና ይህንኑ ዝርዝር ተከተሉ። በመጠኑና በካፒታሏ ቢ መካከል ትንሽ «አይ» ፊደል ካያችሁ ደግሞ ቁጥሩ በ1,024 እየተባዛ የተቆጠረ ነው፤ ስሙም ኪቢባይት፣ ሜቢባይት፣ ጊቢባይት ይባላል።

በሚሊሰከንድ የሚጻፈው ፒንግ በዚህ ሒሳብ ውስጥ የለም። እሱ የምላሽ መዘግየት ነው፤ ወደ ሜጋቢት አይቀየርም።

ደረጃ 2፤ ሁሉንም ወደ ቢት በሰከንድ አውርዱ

ከየትም ተነሡ፣ ወደየትም ሂዱ፣ መንገዱ በቢት በሰከንድ ያልፋል። ምክንያቱም ከኪሎባይት ወደ ሜጋቢት፣ ከጊጋባይት በሰዓት ወደ ኪሎቢት በሰከንድ እያላችሁ ለእያንዳንዱ ጥንድ የራሱን ቀመር ብትይዙ በደርዘን የሚቆጠሩ ቀመሮች ይሆናሉ፤ አንዱ ሲምታታባችሁም አታውቁትም። በዚህ መንገድ የምታስታውሱት ሦስት ነገር ብቻ ነው።

ሀ) በመጠኑ አባዙ።
- ኪሎ 1,000፤ ሜጋ 1,000,000፤ ጊጋ 1,000,000,000
- ኪቢ 1,024፤ ሜቢ 1,048,576፤ ጊቢ 1,073,741,824

ለ) ባይት ከሆነ በ8 አባዙ። ቢት ከሆነ ተዉት።

ሐ) ጊዜው ደቂቃ ከሆነ ለ60፣ ሰዓት ከሆነ ለ3,600፣ ቀን ከሆነ ለ86,400 አካፍሉ።

ብዙ ሰው የሚጠፋው ፊደል ሀ ላይ ነው። «ኪሎ 1,024 ነው» የሚለውን ከኮምፒውተር ትምህርት ይዞ የመጣ ሰው መስመሩንም በ1,024 ያባዛል። ስህተት ነው። በቴሌኮም ውስጥ ኪሎ ሁልጊዜ 1,000 ነው፣ ሜጋም ሁልጊዜ ሚሊዮን ነው። 10 ሜጋቢት በሰከንድ ማለት 10,000,000 ቢት እንጂ 10,485,760 አይደለም። 1,024 የሚገባው በራምና ዊንዶውስ በሚያሳየው የፋይል መጠን ላይ ነው። ዊንዶውስ በ1,024 እያካፈለ ይቆጥርና ስሙን ግን ኪሎባይት፣ ሜጋባይት፣ ጊጋባይት ብሎ ይጽፈዋል። ማክ ኮምፒውተር በ1,000 ነው የሚቆጥረው፤ ስለዚህ ያው ፋይል በሁለቱ ላይ ሁለት ዓይነት መጠን ቢያሳይ ፋይሉ ተበላሸ ማለት አይደለም።

ልዩነቱ ደግሞ መጠኑ በጨመረ ቁጥር ይሰፋል፤ በኪሎ 2.4 በመቶ፣ በሜጋ 4.9 በመቶ ገደማ፣ በጊጋ 7.4 በመቶ ገደማ፣ በቴራ 10 በመቶ ሊሞላ ምንም አይቀረው። 1 ቴራ ተብሎ የተገዛ ሃርድ ዲስክ ዊንዶውስ ላይ 931 ጊጋባይት ሆኖ የሚታየው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሻጩ ጋ ሄዶ መጨቃጨቅ አያስፈልግም።

ምሳሌ። የማውረጃ ፕሮግራሙ 640 ኪሎባይት በሰከንድ ይላል እንበል፣ ዊንዶውስ ላይ፣ ማለትም በ1,024 የተቆጠረ። 640 × 1,024 = 655,360 ባይት። 655,360 × 8 = 5,242,880 ቢት በሰከንድ። ወደ 5.24 ሜጋቢት በሰከንድ ማለት ነው።

ደረጃ 3፤ ከቢት በሰከንድ ወደምትፈልጉት መለኪያ ውጡ

አሁን የተገላቢጦሹን ሥሩ። ባይት ከፈለጋችሁ መጀመሪያ ለ8 አካፍሉ፣ ከዚያ ለመጠኑ አካፍሉ። ቅደም ተከተሉ መልሱን አይለውጠውም፣ ግን ለ8 ማካፈሉን መጀመሪያ ከሠራችሁት አትረሱትም።

የመግቢያውን ጥያቄ እንፍታው፤
- 10 ሜጋቢት በሰከንድ = 10,000,000 ቢት በሰከንድ
- 10,000,000 ÷ 8 = 1,250,000 ባይት በሰከንድ
- 1,250,000 ÷ 1,000,000 = 1.25 ሜጋባይት በሰከንድ
- ዊንዶውስ እንደሚቆጥረው፦ 1,250,000 ÷ 1,048,576 = 1.19

1.2 ያሳየው ለዚህ ነው። መስመሩ የተባለውን ያህል እየሰጠ ነው።

ካልኩሌተር ከሌላችሁ ሜጋቢቱን ሦስት ጊዜ ግማሽ አድርጉት። 50 ግማሹ 25፣ የዚያ ግማሽ 12.5፣ የዚያ ግማሽ 6.25 ሜጋባይት በሰከንድ። ለ8 ከማካፈል ጋር አንድ ነው፤ ቆጣሪ ጠረጴዛ ላይ ቆማችሁ የትኛውን ጥቅል እንደምትገዙ ስትወስኑ ይጠቅማል።

ለሚደጋገሙት ቁጥሮች፤

| ሜጋቢት በሰከንድ | ሜጋባይት በሰከንድ | ዊንዶውስ የሚያሳየው |
|---|---|---|
| 1 | 0.125 | 0.12 |
| 2 | 0.25 | 0.24 |
| 4 | 0.5 | 0.48 |
| 5 | 0.625 | 0.60 |
| 10 | 1.25 | 1.19 |
| 20 | 2.5 | 2.38 |
| 50 | 6.25 | 5.96 |
| 100 | 12.5 | 11.92 |
| 1,000 | 125 | 119.2 |

ደረጃ 4፤ የተጣራውን ለዩ

ሰንጠረዡ ላይ ያለው ቁጥር ጣሪያ ነው። ፋይሉ በመስመሩ ላይ ብቻውን አይሄድም፤ በትናንሽ ፓኬት ተከፋፍሎ፣ እያንዳንዱ ፓኬት አድራሻና መቆጣጠሪያ ተለጥፎበት ነው የሚሄደው። ቡና ከነጆንያው ሲመዘንና ተጣርቶ ሲመዘን እንደሚለያየው ነው፤ መስመሩ የሚለካው ከነጆንያው ነው፣ የማውረጃ ፕሮግራሙ የሚያሳየው የተጣራውን።

በተለመደው የኤተርኔት መስመር ላይ አንድ ሙሉ ፓኬት 1,538 ባይት ቦታ ይይዛል፤ ከዚህ ውስጥ የፋይሉ ድርሻ 1,460 ባይት ነው። 1,460 ÷ 1,538 = 0.949። ስለዚህ ያገኛችሁትን በ0.95 አባዙት። 10 ሜጋቢቱ የተጣራ 1.19 ሜጋባይት፣ በዊንዶውስ አቆጣጠር 1.13 ገደማ ይሆናል። ከዚህ በታች ትንሽ ወረድ ቢል ጤነኛ ነው። ከግማሽ በታች ከወረደ ግን የመለኪያ ጉዳይ አይደለም፣ ሌላ ችግር ፈልጉ።

ዋይፋይ ከኬብል በጣም የተለየ ነው። ስልኩ ወይም ላፕቶፑ «የግንኙነት ፍጥነት 72 ሜጋቢት» ብሎ ቢያሳያችሁ ያ በመሣሪያውና በራውተሩ መካከል ያለው የአየሩ ፍጥነት ነው፤ በተግባር ግማሹን ያህል ጠብቁ። አየሩን ሁሉም መሣሪያ በየተራ ነው የሚጠቀመው፤ ለመጠባበቂያና ለማረጋገጫ የሚባክነው ጊዜ ብዙ ነው።

ደረጃ 5፤ ፋይሉ የሚፈጀውን ጊዜ አስሉ

ቀመሩ፦ የፋይሉ መጠን በቢት ÷ የተጣራው ፍጥነት በቢት በሰከንድ = ሰከንድ።

መርካቶ አካባቢ ያለ ፎቶ ቤት የሠርግ ቪዲዮ አቀናብሮ ውጭ አገር ላሉ ቤተሰቦች በኢንተርኔት ሊልክ ነው እንበል። ዊንዶውስ ላይ ፋይሉ 12 ጊጋባይት ይላል። የመስመሩ የመጫን ፍጥነት 4 ሜጋቢት በሰከንድ ነው።

- 12 × 1,073,741,824 = 12,884,901,888 ባይት
- × 8 = 103,079,215,104 ቢት
- የተጣራ ፍጥነት፦ 4,000,000 × 0.95 = 3,800,000 ቢት በሰከንድ
- 103,079,215,104 ÷ 3,800,000 = 27,126 ሰከንድ
- ÷ 3,600 = 7.53 ሰዓት፣ ማለትም 7 ሰዓት ከ32 ደቂቃ

ማታ 2 ሰዓት ላይ ከጀመሩት ሌሊት 9 ሰዓት ተኩል ገደማ ያልቃል። ቢትና ባይትን ሳይለይ 12,000 ÷ 4 = 3,000 ሰከንድ ብሎ ያሰላ ሰው ደግሞ «በ50 ደቂቃ ይደርሳችኋል» ብሎ ለደንበኛው ቃል ይገባል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር አስተውሉ። አንደኛ፣ የመጫን ፍጥነት ከማውረድ ፍጥነት ጋር እኩል ላይሆን ይችላል፤ በመዳብ የስልክ ሽቦ በሚመጣ ኤዲኤስኤል መስመር ላይ መጫኑ ሁልጊዜ ያንሳል። ለመላክ ስታሰሉ የማውረዱን ቁጥር አትውሰዱ። ሁለተኛ፣ መብራት ቢሄድ ካቆመበት የሚቀጥል መጫኛ ተጠቀሙ፤ አለዚያ 6 ሰዓት የተጓዘው ከዜሮ ይጀምራል።

ለመብራት መቋረጥ ያው ቀመር ተገልብጦም ያገለግላል። ዩፒኤሱ (መብራት ሲጠፋ የሚተካው ባትሪ) ኮምፒውተሩንና ራውተሩን 20 ደቂቃ የሚያቆይ ከሆነ፣ በ8 ሜጋቢት መስመር 1 ሜጋባይት × 1,200 ሰከንድ × 0.95 = 1,140 ሜጋባይት ማውረድ ትችላላችሁ። የቀረው ከዚህ ከበለጠ ባትሪው ሳያልቅ ማውረዱን ራሳችሁ ለጊዜው አቁሙት።

ደረጃ 6፤ በሰዓትና በቀን ቀይሩ

ፓኬጅና የዲስክ ቦታ የሚለካው በጠቅላላ መጠን ስለሆነ ፍጥነቱን በጊዜ ማባዛት ያስፈልጋል። አንድ ቁጥር ብቻ በቃላችሁ ያዙ፤ ያለማቋረጥ የሚሠራ 1 ሜጋቢት በሰከንድ በሰዓት 450 ሜጋባይት ይሆናል (1,000,000 × 3,600 ÷ 8)። በቀን 10.8 ጊጋባይት፣ በ30 ቀን 324 ጊጋባይት።

በ2.5 ሜጋቢት የሚፈስ ቪዲዮ ስትመለከቱ በሰዓት 2.5 × 450 = 1,125 ሜጋባይት ይሄዳል። 1 ጊጋባይት ፓኬጅ ለአንድ ሰዓት ፊልም አይበቃም ማለት ነው። 1 ጊጋባይቱ በ5 ሜጋቢት ፍጥነት ያለማቋረጥ ከወረደ ደግሞ 8,000,000,000 ÷ 5,000,000 = 1,600 ሰከንድ፤ 27 ደቂቃ ሳይሞላ አለቀ።

ይህ ስሌት በጣም የሚያስፈልገው ካሜራ የሚያስገጥም ሰው ነው። የቡና መጋዘን ላይ 4 ካሜራ ተገጥሟል፤ የመቅጃው ማስተካከያ ለእያንዳንዱ ካሜራ 2,048 ኪሎቢት በሰከንድ ይላል።

- 4 × 2.048 = 8.192 ሜጋቢት በሰከንድ
- × 10.8 = 88.5 ጊጋባይት በቀን
- 1 ቴራባይት ዲስክ (1,000 ጊጋባይት) ÷ 88.5 = 11 ቀን ከጥቂት ሰዓት

ከዚያ በኋላ መቅጃው አሮጌውን እየደመሰሰ ይጽፍበታል። የአንድ ወር ምስል ይቀመጥ ከተባለ 88.5 × 30 = 2,655 ጊጋባይት ነው፤ 3 ቴራ ዲስክ ግዙ። 2 ቴራ ይበቃል የሚላችሁ ገጣጣሚ ስንት ቀን እንደሚይዝ በወረቀት ላይ ያስላላችሁ።

እነዚህን ካሜራዎች ከሌላ ከተማ ሆናችሁ በስልክ ለማየት ከፈለጋችሁ የሚወስነው የመጋዘኑ መስመር የመጫን ፍጥነት ነው። አራቱን በሙሉ ጥራት ለማየት ከ8 ሜጋቢት በላይ መጫን ይጠይቃል፤ በየካሜራው ወደ 512 ኪሎቢት ዝቅ ብታደርጉት ግን 2 ሜጋቢት ገደማ ይበቃል።

ደረጃ 7፤ ራውተር ላይ ስታስገቡ የሚጠይቀውን መለኪያ እዩ

ፈረንጅ አራዳ ላይ ያለ ካፌ 20 ሜጋቢቱን ለ8 ኮምፒውተር እኩል ማካፈል ይፈልጋል። 20 ÷ 8 = 2.5 ሜጋቢት በሰከንድ ለአንዱ። (ይህ 8 የኮምፒውተሩ ቁጥር ነው፣ የባይቱ አይደለም፤ ሁለቱ 8 ተደራርበው ሲመጡ ይምታታሉ።) ብዙ የቲፒ-ሊንክ ራውተሮች የፍጥነት ገደቡን የሚጠይቁት በኪሎቢት በሰከንድ ስለሆነ 2500 ብላችሁ ጻፉ። 2.5 ብትጽፉ ወይ አይቀበልም ወይ መስመሩ ይሞታል። ባይት መስሎት 312 የጻፈ ሰው ደግሞ ለደንበኛው 312 ኪሎቢት፣ ማለትም 39 ኪሎባይት በሰከንድ ነው የሰጠው፤ ገጽ እንኳ በቅጡ አይከፍትም። ማይክሮቲክ የተባለው ራውተር ላይ ከሆነ ሜጋውን የሚወክለውን የእንግሊዝኛ ፊደል አስከትላችሁ መጻፍ ትችላላችሁ፤ ፊደሉን ከረሳችሁት ቁጥሩን በቢት ይወስደዋል።

ደረጃ 8፤ በእውነተኛ ፋይል አረጋግጡ

መጠኑን የምታውቁትን ፋይል በኬብል በተገናኘ ኮምፒውተር አውርዱ፣ ሌሎች መሣሪያዎችን ከመስመሩ አላቅቁ፣ ሰዓቱን ያዙ። ዊንዶውስ ላይ 600 ሜጋባይት የሚል ፋይል በ9 ደቂቃ፣ በ540 ሰከንድ ወረደ እንበል።

- 600 × 1,048,576 × 8 = 5,033,164,800 ቢት
- ÷ 540 = 9,320,676 ቢት በሰከንድ፣ 9.3 ሜጋቢት የተጣራ
- ÷ 0.95 = 9.8 ሜጋቢት ከነጆንያው

10 ሜጋቢት ለተባለ መስመር ይህ ጥሩ ውጤት ነው። አጭር መንገድ ከፈለጋችሁ ዊንዶውስ ያሳያችሁን ሜጋባይት በሰከንድ በ8.39 አባዙት፤ ሜጋቢቱን ይሰጣችኋል። አቤቱታ ለማቅረብ ስትደውሉም ቁጥሩን ወደ ሜጋቢት ቀይራችሁ፣ በኬብል መለካታችሁንና ሰዓቱን ጨምራችሁ ተናገሩ። «1 ሜጋ ብቻ ነው የሚመጣው» ካላችሁ ባለሙያው 1 ሜጋቢት ብሎ ነው የሚመዘግበው፤ ሌላ ዓይነት ብልሽት ሲፈልግ ይውላል።

ከተለመደው ውጭ የሆኑ ሦስት ሁኔታዎች

የቢሮ ኢ1 መስመር። 2.048 ሜጋቢት በሰከንድ ነው። ቁጥሩ 2,048 ስለሆነ የ1,024 ብዜት ይመስላል፤ አይደለም። 32 ክፍሎች አሉት፣ እያንዳንዱ 64,000 ቢት በሰከንድ ነው (ድምፅ በሰከንድ 8,000 ጊዜ እየተለካ፣ አንዱ ልኬት 8 ቢት)። 32 × 64,000 = 2,048,000። ወደ ሜጋባይት ስትቀይሩ 0.256 ነው። ኤስቲኤም-1 የተባለው መስመር ደግሞ 155.52 ሜጋቢት ነው፤ 155.52ን ለ2.048 አካፍሎ «75 ኢ1 ይይዛል» ማለት ስህተት ነው። የሚይዘው 63 ነው፤ የቀረው ለመጠቅለያና ለመቆጣጠሪያ የሚውል ነው።

ሲሪያል ገመድ። የጭነት መኪና ሚዛንን ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኘው ገመድ 9600 ቢት በሰከንድ ላይ ከተስተካከለ ለ8 አታካፍሉ፣ ለ10 አካፍሉ። በተለመደው አሠራር እያንዳንዱ ባይት አንድ መጀመሪያና አንድ ማቆሚያ ቢት ይጨመርበታል፤ ስለዚህ 960 ባይት በሰከንድ ነው።

ሳታ ዲስክ። 6 ጊጋቢት የሚለውም ለ10 ነው የሚካፈለው፤ 8ቱ ቢት በ10 ቢት ተጠቅልሎ ስለሚጓዝ ጣሪያው 600 ሜጋባይት በሰከንድ ነው እንጂ 750 አይደለም።

የሚደጋገሙ ስህተቶች

*በ8 ማባዛትና ለ8 ማካፈልን መቀያየር።* መፈተኛው ቀላል ነው፤ ፍጥነቱ አንድ ሆኖ በባይት የተጻፈው ቁጥር ሁልጊዜ በቢት ከተጻፈው ያንሳል። 10 ሜጋቢት ቀይራችሁ 80 ሜጋባይት ካገኛችሁ ተገልብጧል።

*1,000 እና 1,024ን በአንድ ስሌት ውስጥ ማደባለቅ።* ፋይሉ ከዊንዶውስ የተነበበ ከሆነ በ1,024 መሥራት ልክ ነው፣ መስመሩን ግን በ1,000 ብቻ። ሁለቱ የሚገናኙት ቢት ላይ ነው፤ ከዚያ በፊት አታካፍሏቸው።

*መሐል ላይ ማጠጋጋት።* 1.192ን ወደ 1.2፣ ከዚያ 0.949ን ወደ 1 ያጠጋጋ ሰው በ10 ሜጋቢት መስመር በ12 ጊጋባይት ፋይል ላይ የ10 ደቂቃ ገደማ ስህተት ይሠራል። የምታጠጋጉት የመጨረሻውን መልስ ብቻ ነው።

*ቅጽበታዊውን ቁጥር መውሰድ።* ማውረድ ሲጀመር ለጥቂት ሰከንድ የሚወጣውን ከፍተኛ ቁጥር አይታችሁ አታስሉ። ከ30 ሰከንድ በኋላ የተረጋጋውን ውሰዱ፣ ወይም እንደ ደረጃ 8 ጠቅላላውን ለጊዜው አካፍሉ።

*የኬብል ብልሽትን የመለኪያ ጉዳይ ማድረግ።* በቤት ውስጥ ኔትወርክ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር ትልቅ ፋይል ስትገለብጡ ዊንዶውስ 11.2 ወይም 11.3 ሜጋባይት ላይ ተክሎ ከቀረ፣ ጊጋቢት የተባለው መስመር 100 ሜጋቢት ላይ ወርዷል ማለት ነው (100,000,000 × 0.949 ÷ 8 ÷ 1,048,576 = 11.3)። ጊጋቢት አራቱንም ጥንድ ሽቦ ይፈልጋል፤ 100 ሜጋቢት በሁለት ጥንድ ይሠራል። ስለዚህ 100 ሜጋቢት ከማይጠቀምባቸው ሁለት ጥንዶች አንድ ሽቦ ጫፉ ላይ ሳይነካ ቢቀር መስመሩ አይቋረጥም፣ ዝም ብሎ ፍጥነቱን ይቀንሳል። መጀመሪያ ሰማያዊውንና ቡናማውን ጥንድ፣ ማለትም 4፣ 5፣ 7 እና 8 ቁጥር ጫፎችን ፈትሹ፤ 100 ሜጋቢት ያለ እነሱ ስለሚሠራ ብልሽታቸው ሳይታወቅ ይቆያል። ማገናኛውን ቆርጣችሁ እንደገና ክሪምፕ አድርጉት (በመቆንጠጫ ግጠሙት)፣ ከዚያ የኔትወርክ ካርዱ ሁኔታ መስኮት ላይ 1.0 ጊጋቢት መጻፉን አይታችሁ ያንኑ ፋይል ደግማችሁ ገልብጡ። አሁንም 11.3 ላይ ከቆመ የሌላኛውን ኮምፒውተር ኬብልና የስዊቹን (የኔትወርክ ማከፋፈያውን) ፖርት ቀይሩ፤ በመሐል ያለ አንድ የ100 ሜጋቢት ስዊች መንገዱን ሁሉ ወደ ራሱ ልክ ያወርደዋል።